መስኮቱ ይከፈት ወይስ ይዘጋ? ስለ አየርና ስለ በሽታ የነበረው እምነት ሕንፃዎችን እንዴት እንደቀየረ

የዛሬውን ጽሑፍ የምጀምረው በማታው ክፍላችን ውስጥ በየቀኑ ማለት ይቻላል ከሚነሳ ክርክር ነው። ገና ትምህርት ልንጀምር ስንል አንዲት እናት «መምህር፣ እባክህ ያንን መስኮት ዝጋልን፣ ብርድ ይመታናል» ይላሉ። ከኋላ የተቀመጡት ወጣቶች ደግሞ «ኧረ ቲቸር ይከፈት! ታፈንን እኮ!» ብለው ይጮኻሉ። እኔም መሀል ላይ ቆሜ አንዴ እከፍታለሁ፣ አንዴ እዘጋለሁ። ከስልሳ በላይ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ በሚቀመጥበት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሁሉንም ማስደሰት አይቻልም።

ባለፈው ዓመት ግን ነገሩ ከክርክር አለፈ። ከተማሪዎቻችን አንዱ ለብዙ ሳምንታት ሲያስል ከርሞ ሲመረመር የሳንባ ነቀርሳ ወይም ቲቢ ሆኖ ተገኘ። ደግነቱ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወስዶ ድኗል፣ አሁን ከእኛ ጋር ይማራል። በዚያን ሰሞን ግን ተማሪዎቹ ፈርተው ነበር። «በምን ያዘው? በብርዱ ነው? በአቧራው ነው? በአንድ ኩባያ ውሃ በመጠጣት ነው?» እያሉ ጠየቁኝ። አንዳንዶቹም አጠገቡ መቀመጥ ተዉ። እኔ የታሪክ አስተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። መልሱን ስፈልግ ግን ጥያቄው ራሱ ረጅም ታሪክ ያለው ሆኖ አገኘሁት። የሰው ልጅ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ «በሽታ ከአየር ይመጣል ወይስ አይመጣም?» እያለ ሲከራከር ኖሯል። በዚሁ ክርክር ምክንያት ከተሞች ፈርሰው ተሠርተዋል፣ ሆስፒታሎች መልካቸውን ቀይረዋል፣ ሰዎችም ከሰፈራቸው ተፈናቅለዋል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብዬ ካልጠቀስኩ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጥፎ አየር የሚባለው ነገር

በጥንት ግሪክ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት ገደማ፣ ሂፖክራተስ የሚባል ታዋቂ ሐኪም ነበር። በእሱ ስም ከሚጠሩት መጻሕፍት አንዱ ስለ አየር፣ ስለ ውሃና ስለ ቦታዎች የሚናገር ነው። የመጽሐፉ ምክር ባጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፦ አንድ ሐኪም ወደ አዲስ ከተማ ሲገባ መጀመሪያ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ ውሃው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ መሬቱ ረግረግ ይሁን ደረቅ መመልከት አለበት። ከዚያ በኋላ የከተማው ሰው በምን በሽታ እንደሚታመም መገመት ይችላል።

ከዚህ አስተሳሰብ «ሚያዝማ» የሚባለው እምነት አደገ። ሚያዝማ ማለት የተበከለ፣ የረከሰ አየር ማለት ነው። ከረግረግ፣ ከበሰበሰ ሥጋ፣ ከቆሻሻ ጉድጓድ የሚነሳ ክፉ ትነት ወደ ሰው ሰውነት ገብቶ ያሳምማል ተብሎ ይታመን ነበር። ዛሬ በእንግሊዝኛ «ማላሪያ» የምንለው ቃል እንኳን የመጣው ከጣሊያንኛ ሲሆን ትርጉሙ «መጥፎ አየር» ነው። ስለዚህ ወባ በስሙ ውስጥ እስከ ዛሬ ድረስ የቆየ ስህተት ተሸክሟል ማለት ይቻላል።

በ1348 አስከፊው ወረርሽኝ አውሮፓን ሲያጠቃ፣ በአቪኞን ከተማ የነበሩት ጳጳስ ቀሌምንጦስ ስድስተኛ በሐኪማቸው ምክር በሁለት ትልልቅ እሳቶች መካከል ተቀምጠው ከረሙ። እሳቱ አየሩን ያጠራዋል ተብሎ ነው። ጳጳሱም አልታመሙም። አየሩ ስለጠራ ግን አልነበረም። ወረርሽኙን የሚያዛምቱት ቁንጫና አይጥ ነበሩ፣ እነሱ ደግሞ እሳት ወዳለበት አይጠጉም። ደግሞስ ጳጳሱ ብቻቸውን ተገልለው አልነበር? ምክንያቱ የተሳሳተ ነው፣ ውጤቱ ግን ሠራ። ይህንን ነገር ልብ በሉልኝ፣ በታሪካችን ውስጥ ደጋግሞ ይመጣልና።

እኛስ ምን እንል ነበር?

በነጮቹ ከመሳቃችን በፊት ወደ ራሳችን እንይ። እኛ ኢትዮጵያውያን «ብርድ መታኝ»፣ «ምች መታኝ»፣ «ንፋስ ገባብኝ» እንላለን። አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰው መስኮት ከከፈተ ከፊትም ከኋላም «ዝጋው!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ይህን ሲያይ ይገርመዋል። እኛ ግን ከእናቶቻችን የወረስነው ስለሆነ አንጠይቅም።

ደጋ ያደጉ አባቶች ቆላ ወርዶ ማደርን ይፈሩ ነበር። «የቆላ አየር ንዳድ ያመጣል» ይሉ ነበር። ያዩት ነገር እውነት ነው፣ ቆላ ያደረ ሰው በወባ ይያዝ ነበር። የተሳሳቱት ምክንያቱ ላይ ነው። የሚያሳምመው አየሩ ሳይሆን በሌሊት የምትነክሰው ትንኝ ነበረች። ብርዱ ለትንኟም ሆነ በውስጧ ለሚያድገው ጥገኛ ተህዋስ ስለማይመች ደገኛው ተረፈ። ነገር ግን «ደጋ ላይ ነኝ» ማለት ብቻውን ዋስትና አልነበረም። በ1958 ዝናቡና ሙቀቱ ከወትሮው ሲበዛ፣ ወባ ሰው ወዳልለመዳት ከፍታ ወጥታ 150,000 ያህል ኢትዮጵያውያን እንደገደለች ይገመታል።

ሌላም አለ። በኅዳር 12 ቀን ጠዋት ቆሻሻ ሰብስቦ በየደጁ ማቃጠል፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ልማድ ትዝ አይላችሁም? ብዙ ሰው ይህን ልማድ የሚያያይዘው በ1911 በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ማለትም በ1918፣ አዲስ አበባን ከመታው «የኅዳር በሽታ» ጋር ነው። ያ በሽታ በዚያን ጊዜ ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። ሕዝቡ ጭሱ ክፉውን አየር ያባርራል ብሎ አመነ። ጳጳሱ በአቪኞን ከተቀመጡባቸው ሁለት እሳቶች ጋር አይመሳሰልም? በሁለት የተለያዩ አገሮች፣ በመካከላቸው ከአምስት መቶ ዓመት በላይ እያለ፣ ሰው ለአንድ ዓይነት ፍርሃት አንድ ዓይነት መልስ ሰጠ።

ለንደን፦ ሽታውን ሲያባርሩ ውሃውን መረዙ

አሁን ወደ እንግሊዝ አገር እንሂድ። በ19ኛው መቶ ዓመት ለንደን በዓለም ትልቋ ከተማ ነበረች። ሰው ከገጠር እየጎረፈ ይገባል፣ ቤት ግን የለም። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለትና ሦስት ቤተሰብ ይኖራል። ቆሻሻው ከቤቱ ሥር ባለ ጉድጓድ ይጠራቀማል። ካምፕ ውስጥ ለምንኖር ሰዎች ይህ ሥዕል በጣም እንግዳ አይሆንብንም።

ኤድዊን ቻድዊክ የሚባል የመንግሥት ሰው በ1842 ስለ ሠራተኛው ሕዝብ አኗኗርና ጤና ትልቅ ሪፖርት አወጣ። ድህነትና ቆሻሻ በሽታን እንደሚያመጡ ለባለሥልጣናት አሳየ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ቻድዊክ ጽኑ የሚያዝማ አማኝ ስለነበረ ጠላቱ ሽታው ነበር። በእሱ አስተሳሰብ የሚሸት ነገር ሁሉ በሽታ ነው። ስለዚህ «ጉድጓዶቹ ይዘጉ፣ ቆሻሻው በቦይ ታጥቦ ይውጣ» ተባለ። ወዴት ይውጣ? ወደ ቴምዝ ወንዝ። ከዚያው ወንዝ ደግሞ ብዙው የለንደን ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ ይቀዳ ነበር።

ውጤቱን መገመት አያቅታችሁም። በ1848 እና በ1849 ኮሌራ ገብቶ በለንደን ብቻ ወደ 14,000 የሚጠጋ ሰው ገደለ። ባለሥልጣናቱ ሰውን ለማዳን በቅንነት የሠሩት ሥራ ሞቱን አባባሰው። ቅን ልብ ብቻውን አይበቃም፣ ምክንያቱን በትክክል ማወቅም ያስፈልጋል።

ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም ግን «ኮሌራ በአየር ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚያመው ሳንባ ነበር። ለምን አንጀትን ያማል?» ብሎ አሰበ። በሽታው በውሃ ነው የሚመጣ የሚል ጽሑፍ በ1849 አወጣ፣ የሰማው ግን ጥቂት ነው። በ1854 ነሐሴ መጨረሻ ላይ ብሮድ ስትሪት በሚባል ሰፈር ኮሌራ ተነሳና በአሥር ቀን ውስጥ ከ500 በላይ ሰው ገደለ። ስኖው ቤት ለቤት እየዞረ የሞቱት ሰዎች ከየት ይቀዱ እንደነበር ጠየቀ። አብዛኞቹ ከአንድ የመንገድ ዳር የውሃ ፓምፕ ይቀዱ ነበር። በዚያው ሰፈር ያለ የቢራ ፋብሪካ ሠራተኞች ግን ከሞቱ ተረፉ፣ ምክንያቱም ቢራና የራሳቸውን ጉድጓድ ውሃ ይጠጡ ነበር። አየሩ እኮ ለሁሉም አንድ ነው! ስኖው ይህን ይዞ ለአካባቢው ኃላፊዎች አመለከተ፣ በመስከረም 8 ቀን የፓምፑ እጀታ ተነቀለ።

ስኖው አሸነፈ ብላችሁ እንዳታስቡ። መንግሥት ያቋቋመው የጤና ኮሚቴ ሐሳቡን አልተቀበለውም። እሱም በ1858 ሰኔ ወር ገና በ45 ዓመቱ ሞተ። በዚያው ክረምት ደግሞ አስገራሚ ነገር ሆነ። ሙቀቱ በርትቶ የቴምዝ ወንዝ እንደዚያ ሸትቶ አያውቅም። በወንዙ ዳር ያለው ፓርላማ መጋረጃዎቹን በክሎሪን ኖራ ቢነክርም ግማቱ ሊቻል አልቻለም። ለዓመታት ሲጓተት የነበረው ገንዘብ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተፈቀደ። ባለሥልጣን ራሱ ሲሸተው ሥራ ይፋጠናል፣ ይህ በየአገሩ ያለ ነው።

መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዘልጄት 130 ኪሎ ሜትር ያህል ዋና የፍሳሽ ቦይ ከመሬት በታች ሠራ። ቆሻሻውን ከከተማው በታች ወደ ምሥራቅ ወስዶ ጣለው። ያሠሩት ሰዎች ሽታውን ለማጥፋት ነበር ያሰቡት። ቦዩ ግን ሳያስቡት ቆሻሻውን ከመጠጥ ውሃው ለየው። በ1866 ኮሌራ እንደገና ሲመጣ በብዛት የሞተው ገና ቦዩ ያልተጠናቀቀበት የምሥራቅ ለንደን ሕዝብ ነበር። ሌላው ከተማ ተረፈ። እንደገና፦ ምክንያቱ የተሳሳተ፣ ውጤቱ የሠራ።

ፍሎረንስ ናይቲንጌልና መስኮቶቿ

በዚያው በ1854፣ በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ፣ ፍሎረንስ ናይቲንጌል የምትባል እንግሊዛዊት ነርሶች ይዛ ዛሬ ኢስታንቡል በምንላት ከተማ ስኩታሪ ወደሚባል የጦር ሆስፒታል ሄደች። ሆስፒታሉ ድሮ የወታደር ሰፈር ነበር። ከሥሩ የተደፈነ የፍሳሽ ቦይ አለ፣ መስኮቶቹ አይከፈቱም፣ ቁስለኞች መተላለፊያ ላይ ተኝተዋል። በ1855 የካቲት ወር ከገቡት ሕሙማን ውስጥ 42 ከመቶ ያህሉ ይሞቱ ነበር። በመጋቢት ከለንደን የመጣ የጽዳት ኮሚሽን ቦዮቹን አጠበ፣ የአየር መውጫ ከፈተ፣ ግድግዳውን በኖራ ቀባ። በሰኔ የሞቱ መጠን ወደ 2 ከመቶ ገደማ ወረደ።

ናይቲንጌል ይህን ከቁጥሮቹ ተምራ አገሯ ከተመለሰች በኋላ በ1859 ስለ ሆስፒታል አሠራር መጽሐፍ ጻፈች። የምትመክረው «ፓቪሊዮን» የሚባለውን አሠራር ነበር። አንድ ትልቅ የታፈነ ሕንፃ ከመሥራት ይልቅ ረጃጅም፣ ቀጫጭን፣ ተራርቀው የቆሙ ቤቶች ይሠሩ አለች። ጣሪያው ከፍ ይበል። መስኮቶቹ ትይዩ ይሁኑ፣ አየሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ። ለሁለት አልጋ ቢያንስ አንድ መስኮት ይኑር። በ1871 በቴምዝ ዳር የተከፈተው አዲሱ የቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል በዚህ መልክ ተሠራ፣ ከዚያም አሠራሩ በብዙ አገሮች ተስፋፋ።

ካምፕ ውስጥ ለምንኖር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ታሪክ ልንገራችሁ። በዚያው ጦርነት ወቅት ኢዛምባርድ ብሩኔል የሚባል ታላቅ የባቡርና የድልድይ መሐንዲስ ተገጣጣሚ ሆስፒታል እንዲሠራ ተጠየቀ። በ1855 የእንጨት ክፍሎቹን እንግሊዝ አገር አዘጋጅቶ በመርከብ ወደ ዳርዳኔልስ ላከ፣ ሬንኪዮይ በሚባል ቦታ ተገጣጠመ። እያንዳንዱ ክፍል ለ50 ሕሙማን ነው፣ የራሱ መጸዳጃና አየር የሚገፋ ማራገቢያ አለው። ወደ 1,300 ሰው ታክሞበት የሞቱት 50 ያህል ናቸው። «ጊዜያዊ መጠለያ ነውና እንደነገሩ ይሁን» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ይህን አስታውሱት። ጊዜያዊ ቤትም ታስቦበት ሊሠራ ይችላል።

እንግዲህ ናይቲንጌል ይህን ሁሉ ያደረገችው በሚያዝማ አምና ነው። ስለ ተህዋስያን የሚነገረውን ለብዙ ዓመታት አልተቀበለችም። መስኮቶቿ ግን ሰው አድነዋል።

ተህዋስያን ሲገኙ

በ1880 ፈረንሳዊው ሐኪም ላቭራን አልጄሪያ ውስጥ የወባን ተህዋስ በሕሙማን ደም ውስጥ አየ። በ1882 መጋቢት 24 ቀን ጀርመናዊው ሮበርት ኮክ ቲቢን የሚያመጣውን ባክቴሪያ እንዳገኘ በበርሊን አስታወቀ። ዛሬ የዓለም የቲቢ ቀን የሚከበረው በዚሁ ዕለት ነው። ቀጥሎም በግብፅና በሕንድ የኮሌራን ባክቴሪያ አጠና። በ1897 ሮናልድ ሮስ ሕንድ አገር በትንኝ ሆድ ውስጥ የወባን ተህዋስ አገኘ። ሚያዝማ ተሸነፈ። ኮሌራ በውሃ፣ ወባ በትንኝ፣ እያንዳንዱ በሽታ የራሱን መንገድ አገኘ።

ለቲቢ ግን ገና መድኃኒት አልነበረም። ስለዚህ ሳናቶሪየም የሚባሉ የማረፊያ ሆስፒታሎች በየተራራውና በየጫካው ተሠሩ። ሕሙማኑ በረንዳ ላይ አየርና ፀሐይ እየወሰዱ ይተኙ ነበር። በ1933 በፊንላንድ አገር በፓይሚዮ አልቫር አልቶ የሠራው ሳናቶሪየም ሰፋፊ መስኮትና ረጃጅም በረንዳ ያለው ሕንፃ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ያጠኑታል። ብዙ ዘመናዊ ቤቶችም ነጭ ግድግዳና ትልቅ መስኮት ከዚህ ወረሱ።

ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለቲቢ መድኃኒት ሲገኝ ሳናቶሪየሞቹ ተዘጉ። ከዚያ በፊትም በ1910 አሜሪካዊው የጤና ባለሙያ ቻርለስ ቼፒን፣ በሽታ የሚተላለፈው በዋናነት በንክኪና በቅርብ ርቀት በሚረጭ ምራቅ ነው፣ አየርን መፍራት ተዉ የሚል መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ሐኪሞችም ይህን ተቀበሉ። ከሚያዝማ ጋር የተያያዘ ሐሳብ ሁሉ ኋላ ቀር መሰለ። አዳዲስ ሕንፃዎች ጣሪያቸው ዝቅ አለ፣ መስኮታቸው ጠበበ። ሕፃኑን ከመታጠቢያው ውሃ ጋር አብሮ እንደ መድፋት ያለ ነገር ሆነ።

ጤና ሰበብ ሲሆን

ይህ ታሪክ ሌላም ጥቁር ገጽ አለው። የበሽታ ፍርሃት ሰውን ከሰው ለመለየት ሰበብ ሆኗል። እንግሊዞች በሴራሊዮን ዋና ከተማ በፍሪታውን በ1904 «ሂል ስቴሽን» የሚባል ሰፈር ተራራ ላይ ለአውሮፓውያን ብቻ ሠሩ። የአፍሪካውያን ልጆች ደም የወባ ተህዋስ ይዟልና ትንኟ ከእነሱ ወደ ነጮቹ ታዛምታለች የሚል ነበር ምክንያቱ። ትንኝን ከሁሉም ቤት ከማጥፋት ይልቅ ሰውን ከሰው መለየት ቀለላቸው።

ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ስንመጣ፣ በ1902 ናይሮቢ ውስጥ ወረርሽኝ ሲነሳ ባለሥልጣናቱ የሕንዶችን ገበያ አቃጠሉት። በ1913 ወደ አካባቢው የተላከው ሐኪም ዊልያም ሲምፕሰን ከተሞቹ ዘር በዘር ተለያይተው እንዲሠሩ መከረ። ከዚያ ወዲህ አውሮፓውያን ከፍ ባለውና ነፋሻ በሆነው ቦታ፣ አፍሪካውያን በዝቅተኛውና በተጨናነቀው እንዲኖሩ የሚያደርግ አሠራር ጸና። ናይሮቢን ያየ ሰው የዚያን ዘመን አከፋፈል እስከ ዛሬ ሊያስተውል ይችላል።

ስለዚህ ተማሪዎቼ ያስል ከነበረው ልጅ አጠገብ መቀመጥ ሲተዉ ያሳሰበኝ ይህ ነው። «በሽታውን ፍሩ» ማለት አንድ ነገር ነው። «ሰውየውን ፍሩ» ማለት ሌላ ነው። ታሪክ እንደሚያሳየን ሁለቱን የሚለያቸው ድንበር ቀጭን ነው።

አየር ተመልሶ መጣ

በ1930ዎቹ አሜሪካዊው ዊልያም ዌልስ አንድ ነገር አሳየ። ሰው ሲያስል ከሚወጣው ጠብታ ትልልቁ ወዲያው መሬት ይወድቃል፣ ትንንሹ ግን ደርቆ አየር ላይ እየተንሳፈፈ ይቆያል። በ1950ዎቹ መጨረሻ እሱና ሪቻርድ ራይሊ ባልቲሞር ከተማ ውስጥ ሙከራ አደረጉ። የቲቢ ሕሙማን ከተኙበት ክፍል የሚወጣውን አየር በቱቦ ወስደው ጊኒ ፒግ የሚባሉ ትንንሽ እንስሳት ወዳሉበት ላኩት። እንስሳቱ ሕሙማኑን አይነኩም፣ አብረውም አይበሉም፣ የሚተነፍሱት አየር ብቻ ነው። በቲቢ ተያዙ። አየሩ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ተመትቶ የሄደላቸው ግን አልተያዙም። ቲቢ በእርግጥ በአየር ይተላለፋል ማለት ነው።

በ2007 ደግሞ ተመራማሪዎች በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ስምንት ሆስፒታሎችን ለኩ። መስኮትና በር ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ይቀየራል። በሞተር አየር ለሚቀየርላቸው ውድ ክፍሎች የሚመከረው ግን 12 ጊዜ ነበር። የበለጠ የሚገርመው፣ ከአምሳ ዓመት በፊት የተሠሩት፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው ሰፊ የሆነው አሮጌ ክፍሎች በሰዓት 40 ጊዜ፣ አዲሶቹ ግን 17 ጊዜ ያህል ነበር የሚቀይሩት። የናይቲንጌል ዘመን አሠራር ዘመናዊውን በለጠው!

ከዚያ በ2020 ኮቪድ መጣ። ሁላችንም እናስታውሳለን፣ መጀመሪያ የተነገረን «እጃችሁን ታጠቡ፣ ዕቃ አትንኩ» የሚለው ነበር። እጅ መታጠብ ጥሩ ነው። ነገር ግን በሽታው በተዘጋ ክፍል ውስጥ በአየር እንደሚተላለፍ የጤና ድርጅቶች በግልጽ እስኪናገሩ ከአንድ ዓመት በላይ ወሰደ። ብዙ ጠበብት እንደሚሉት ለመዘግየቱ አንዱ ምክንያት ያ የድሮ ድል ነው። ሚያዝማን ያሸነፉት ሐኪሞች «በአየር» የሚለውን ቃል መስማት አይወዱም ነበር።

ወደ ክፍላችን ስንመለስ

ታዲያ መስኮቱ ይከፈት ወይስ ይዘጋ? ለዚያች እናት ያልኳቸውን ልንገራችሁ። «እማማ፣ ብርድ ያስቸግራል፣ እውነትዎን ነው። ቲቢ ግን ከብርድ አይመጣም። ከሚያስል ሰው ወጥቶ በታፈነ ቤት ውስጥ ከሚንሳፈፍ አየር ነው የሚመጣ። እርስዎ ነጠላዎን ይደርቡ፣ እኔ መስኮቱን ልክፈት» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያውስ እኔን ከነፋሱ ራቅ አድርገኝና ክፈተው» አሉኝ። አሁን ከመስኮቱ ርቀው በግድግዳው በኩል ይቀመጣሉ። በቃ፣ ክርክሩ አለቀ።

ከታሪኩ ለኑሯችን የሚሆን ጥቂት ነገር እንያዝ። ቀን ቀን ትይዩ ያሉ መስኮቶችን ወይም በርና መስኮትን አብረን እንክፈት፣ ይህ አንድ ብቻ ከመክፈት የበለጠ ይረዳል። ፀሐይ ወደ ቤት ትግባ፣ የፀሐይ ብርሃን የቲቢን ባክቴሪያ ይገድላል። ማታ ግን የወባ ትንኝ ስላለች አጎበር እንዘርጋ፣ መስኮታችን ላይ የወንፊት ሽቦ ቢኖር ሁለቱንም ይፈታል። የማገዶ ጭስ አየር ያጠራል ብለን አንታለል፣ ጭሱ ራሱ ሳንባ ይጎዳል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው ሳያፍር ይመርመር። በቲቢ የታመመን ሰው ደግሞ አናግልል። በኩባያና በእጅ መጨባበጥ አይተላለፍም፣ ለበሽታው የሚስማማውን መድኃኒት በአግባቡ ሲወስድ ማስተላለፉ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ይድናልም።

ሌላው ትምህርት ለእኛ ለመምህራን ነው። ቻድዊክ፣ ናይቲንጌል፣ ቼፒን ሁሉም የተማሩና ለሰው የሚያስቡ ነበሩ። ሁሉም ከፊል ትክክል፣ ከፊል ስህተት ነበሩ። ተማሪ «ለምን?» ብሎ ሲጠይቀን «ዝም በል፣ እንዲህ ነው» ከማለት ስኖው እንዳደረገው ቤት ለቤት ዞሮ መጠየቅ ይሻላል።

ለክፍል ውይይትና ሙከራ

1. በቤታችሁ ስለ ብርድ፣ ስለ ምችና ስለ ንፋስ ምን ይባላል? ታላላቆቻችሁን ጠይቃችሁ ጻፉ። ከሌላ አገር የመጡ ጎረቤቶቻችሁስ ምን ይላሉ?

2. ከጽሑፉ ውስጥ «ምክንያቱ የተሳሳተ፣ ውጤቱ የሠራ» የሚባሉትን ለይታችሁ አውጡ። ምክንያቱ የተሳሳተ ሆኖ ጉዳት ያመጣውስ የትኛው ነው?

3. ሙከራ፦ መስኮትና በሩን ዝጉና ጥቂት እጣን አጭሱ። እጣኑን ወደ ውጭ አውጡና ጭሱ ከክፍሉ እስኪጠፋ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ መዝግቡ። ቀጥሎ አንድ መስኮት ከፍታችሁ፣ ከዚያም ትይዩ ያለውን ጨምራችሁ ድገሙት። ሦስቱን ቁጥሮች አወዳድሩ። የሚያስል ሰው እስትንፋስም ልክ እንደዚያ ጭስ ነው፣ ልዩነቱ አለመታየቱ ብቻ ነው።

4. አዲስ የመማሪያ ክፍል ሥሩ ብትባሉ፣ በቆርቆሮና በጭቃ ብቻ፣ መስኮቱን የት ታደርጋላችሁ? ነፋሱ በካምፓችን ከየት ወደ የት እንደሚነፍስ አይታችሁ ሥዕሉን ሣሉ። ጥሩ ሥዕሎችን ለሚቀጥለው እትም ላኩልን።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ። መስኮቱንም መክፈት አትርሱ።